ናስ የመሰለው ጸጉር ከየት ይመጣል? ስለ ኒኬልና አርሴኒክ ማዕድናት ለደላንታው ወንድማችን

ጥያቄው ከወሎ ደላንታ፣ ከወገል ጤና ነው የመጣው። ጠያቂው ኦፓል የሚያወጣ ወጣት ነው። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ጋሼ፣ አዲስ አበባ ኦፓል የሚገዛኝ ሰውዬ አንድ ድንጋይ አሳየኝ። ነጣ ያለ ነው። አረንጓዴ ነጠብጣብ አለበት። መሃሉ ላይ ቀዳዳ አለ። ቀዳዳው ውስጥ እንደ ናስ የሚያብረቀርቅ ቀጭን ጸጉር በቅሏል። ኒኬል ነው፣ ከተለወጠ ድንጋይ የወጣ ነው፣ እናንተ ገደል ውስጥም አይጠፋም አለኝ። ጓደኛዬ ደግሞ አርሴኒክ አለበት፣ መርዝ ነው፣ እንዳትነካው አለ። ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚፈጠረው? ደላንታ ይገኛል? ብነካውስ ምን ያደርገኛል?»

ወንድሜ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። የገለጽከው ነገር ሚለራይት የሚባለውን ማዕድን ይመስላል። ሚለራይት ኒኬልና ድኝ ብቻ ነው፤ አንድ ለአንድ። አርሴኒክ የለበትም። አርሴኒክ ያለባቸው የኒኬል ማዕድናት ግን ብዙ ጊዜ እዚያው አጠገቡ ይገኛሉ። ስለዚህ ጓደኛህ ዝም ብሎ አልፈራም። ኦፓል የምታወጡበት ንብርብር ውስጥ ግን ይህን ጸጉር አታገኘውም። ለምን እንደማታገኘው እንዲገባህ አፈጣጠሩን ከሥሩ ልንገርህ። ረዘም ይላል፤ ቡናህን ይዘህ ቁጭ በል።

እንዲህ ዓይነት ማዕድን እንዲፈጠር ኒኬል የያዘ ድንጋይ ያስፈልጋል። ያንን ድንጋይ አፍርሶ ኒኬሉን የሚያስለቅቅ ውሃ ያስፈልጋል። ከዚያ ድኝ ወይም አርሴኒክ መምጣት አለበት። እነዚህ ተገናኙ ማለት ግን አለቀ ማለት አይደለም። ኦክስጅን ከዚያ ሰፈር መራቅ አለበት። ይቺን የመጨረሻዋን ያዝልኝ። የወሎን ነገር የምትወስነው በአብዛኛው እሷ ናት።

ከኒኬሉ እንጀምር። ከምድር ቅርፊት በታች ያለው ድንጋይ በአብዛኛው ኦሊቪን ከሚባል አረንጓዴ ማዕድን የተሠራ ነው። በአንድ ቶን ውስጥ 2 ኪሎ ግራም ገደማ ኒኬል አለው። ይህ ኒኬል ታዲያ ለብቻው ተለይቶ የተቀመጠ አይደለም። ጨው ወጥ ውስጥ እንዳለ ነው። መኖሩን ታውቃለህ፣ በእጅህ ግን ለቅመህ አታወጣውም። ኦሊቪን ውስጥ ኒኬል የሚቀመጠው በማግኒዚየም ቦታ ነው። ሁለቱ በመጠን ስለሚቀራረቡ አንዱ የሌላውን ቦታ ይይዛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። አንዳንድ ሰው የላብራቶሪ ወረቀት ይዞ ይመጣና «ኒኬል ተገኘ» ይላል። ወረቀቱ ላይ 0.2 ከመቶ ተጽፏል። ቁጥሩ እውነት ነው። ግን ከምድር ቅርፊት በታች የመጣ ድንጋይ የትም አገር ቢሆን በተፈጥሮው ይህን ያህል ኒኬል ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ያ ቁጥር ስለ ድንጋዩ ዓይነት ነገረህ እንጂ ስለ ሀብት ምንም አልነገረህም። ስንት ኒኬል አለ ከማለትህ በፊት ኒኬሉ የትኛው ማዕድን ውስጥ ነው የተቀመጠው ብለህ ጠይቅ። ሰልፋይድ (ከድኝ ጋር የተዋሃደ ማዕድን) ውስጥ ከሆነ ድንጋዩን ፈጭተው በውሃና በአረፋ ይለዩታል። ኦሊቪን ወይም ኦሊቪን ተለውጦ የሚሆናቸው ማዕድናት ውስጥ ከሆነ ግን ማስለቀቁ በጣም ውድ ነው። ሰው ገንዘቡን የሚያጣው ይህችን ጥያቄ ባለመጠየቁ ነው። እባክህ ለጓደኞችህም ንገርልኝ።

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ። ያ የኦሊቪን ድንጋይ በምድር እንቅስቃሴ ወደ ላይ ይገፋል። በስንጥቆቹ ውሃ ይገባል። ሙቀቱ ከ200 እስከ 350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን ለውጡ ይፈጥናል። ኦሊቪኑ ውሃውን ወደ ውስጡ ወስዶ ሰርፐንቲን የሚባል ሌላ ማዕድን ይሆናል። ድንጋዩ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ጥቁር አረንጓዴ ይሆናል፤ ስትዳስሰው ያሟልጫል። ሰርፐንቲናይት የምንለው ይህንን ነው። ያ ገዢ «የተለወጠ ድንጋይ» ያለህም ይህንኑ ወይም ከዚህ የመጣ ሌላ ድንጋይ መሆን አለበት።

በዚህ ለውጥ ውስጥ እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ የብረቱ ሥራ ነው። ኦሊቪን ውስጥ ትንሽ ብረት አለ። ድንጋዩ ሲለወጥ ይህ ብረት ከውሃው ላይ ኦክስጅን ነጥቆ ማግኔታይት የሚባል ጥቁር የብረት ማዕድን ይሆናል። ኦክስጅኑን የተነጠቀው ውሃ ደግሞ ሃይድሮጂን ጋዝ ይሆናል። ስለዚህ በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ያለው ፈሳሽ በሃይድሮጂን ይሞላል። ነጻ ኦክስጅን ድራሹ ይጠፋል። ይህ ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። ቱርክ ውስጥ ያናርታሽ የሚባል ተራራ ላይ ከዚህ ዓይነት ድንጋይ ሃይድሮጂንና ሚቴን ይወጣል። ጋዙ በተራራው ጎን ላይ ከጥንት ጀምሮ ሲነድ ኖሯል። ዛሬም ይነድዳል።

ኒኬል ከኦሊቪኑ የሚለቀቀው እንዲህ ባለ ሃይድሮጂን በሞላበት ቦታ ነው። ከፊሉ ተመልሶ ሰርፐንቲን ውስጥ ይገባል። ከፊሉ ከብረት ጋር ተዋህዶ እውነተኛ ብረታ ብረት ይሆናል። አዋሩአይት ይባላል። መጀመሪያ የታወቀው ኒው ዚላንድ ውስጥ ነው፤ ማግኔት ይስበዋል። ትንሽ ድኝ ካለ ደግሞ ሂዝልዉዳይት ይፈጠራል። ሦስት ኒኬል ለሁለት ድኝ ነው፤ በክብደት 73 ከመቶው ኒኬል ነው። ልብ በል፣ እዚህ ደረጃ ላይ ኒኬሉ ይበዛል፣ ድኙ ያንሳል። ስለዚህ የሚፈጠሩት ማዕድናት ድኝ የሚቆጥቡ ናቸው።

የአንተ ጸጉር የሚመጣው ቆየት ብሎ ነው። ኦሊቪኑ ሲያልቅ ሃይድሮጂን የሚያመርት አይኖርም። ያኔ ሁኔታው ይቀየራል። ከውጭ ሌላ ውሃ ይመጣል። ይህኛው ብዙ ጊዜ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የያዘ ነው። ሰርፐንቲኑን አጥቅቶ ማግኔሳይት የሚባል ነጭ ካርቦኔትና ኳርትዝ ያደርገዋል። ድንጋዩ ውስጥ የነበረ ክሮሚየም ደግሞ ሚካ ወደሚባለው በስስ ቅጠል መልክ የሚላጥ ማዕድን ይገባና ሚካው ደማቅ አረንጓዴ ይሆናል። እንዲህ የሆነው ድንጋይ ሊስትዌናይት ይባላል። በግብፅ ምሥራቃዊ በረሃ ወርቅ የሚፈልጉ ሰዎች ይህን ድንጋይ ሲያዩ ልባቸው ይደነግጣል፤ ወርቅ አብሮት ስለሚገኝ።

ነጣ ያለ ድንጋይ፣ አረንጓዴ ነጠብጣብ፣ ናስ የመሰለ ጸጉር ያልከው ከዚህ ጋር ይገጥማል። በዚህ ደረጃ የድኙ አቅም ከፍ ይላል። ቀድሞ የነበሩት ኒኬል የበዛባቸው ማዕድናት ድኝ እየጨመሩ ይቀየራሉ። ሂዝልዉዳይቱ ወደ ሚለራይት ይሄዳል። ፔንትላንዳይት የሚባለው የብረትና የኒኬል ሰልፋይድም ብረቱን እያጣ ወደዚያው ያዘግማል። ቀዳዳ ወይም ክፍት ስንጥቅ ካለ ሚለራይቱ ቦታ አግኝቶ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይረዝማል። ጸጉር የሚመስለውም ለዚህ ነው። ጠባብ ቦታ ላይ ቢሆን ጸጉር አይሆንም ነበር፤ ተራ እህል መሰል ቅንጣት ሆኖ ይቀር ነበር።

አርሴኒክ ላይ ስንደርስ ጥያቄው ይከብዳል። ኒኬሉ ከዚያው ከድንጋዩ ነው። አርሴኒኩ ግን ብዙ ጊዜ እንግዳ ነው። በምድር ቅርፊት ውስጥ ያለው አርሴኒክ በአማካይ በአንድ ቶን 2 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ገርስዶርፋይት የሚባለው ማዕድን ደግሞ ኒኬል፣ አርሴኒክና ድኝ በእኩል ቁጥር የያዘ ሲሆን በክብደት 45 ከመቶው አርሴኒክ ነው። አስላው። ከ2 ግራም ወደ 450 ኪሎ ግራም ማለት ከ200,000 እጥፍ በላይ ማከማቸት ነው። ይህን ያህል የሚሰበስብ አንድ ነገር አለ፤ እሱም ረጅም መንገድ የሚሄድ ሙቅ ውሃ ነው።

ውሃው አርሴኒኩን ከየት ያገኘዋል? ብዙ ጊዜ ከባሕር ወለል ጭቃ ነው። ጭቃው ውስጥ ያለው የብረት ዝገት አርሴኒክን ከውሃ ላይ እየያዘ ያስቀምጣል። ጭቃው ሲቀበርና ሲሞቅ ዝገቱ ይፈርሳል፣ አርሴኒኩም ይለቀቃል። በሙቅ ውሃ ውስጥ የሚጓዘው የኤሌክትሪክ ሙላት በሌለው ሞለኪውል መልክ ነው። ስለዚህ በየመንገዱ ከድንጋዩ ግድግዳ ጋር አይጣበቅም፤ ሩቅ ይሄዳል። በመጨረሻ ሰርፐንቲናይት ጋ ሲደርስ ሁሉ ነገር ይለወጣል። እዚያ ኒኬል አለ። እዚያ ኦክስጅን የለም። አርሴኒክ ደግሞ ለኒኬልና ለኮባልት ያለው ፍቅር ከባድ ነው። እዚያው ይወድቃል።

የትኛው ማዕድን ይፈጠራል የሚለውን የድኙና የአርሴኒኩ ሚዛን ይወስነዋል። ድኝ በጣም ትንሽ ሆኖ አርሴኒክ ሲመጣ ኒኬሊን ይፈጠራል። ቀላ ያለ፣ መዳብ የሚመስል ማዕድን ነው። የድኙ አቅም ከፍ ሲል ደግሞ ገርስዶርፋይት ይመጣል፤ እሱ ብርማ ግራጫ ነው። አርሴኒክ ከሌለ ወይም ካለቀ ሚለራይቱ ብቻውን ይቀራል። ሞሮኮ ውስጥ ቡ አዘር የሚባል ቦታ አለ። እዚያ የኮባልትና የኒኬል አርሴናይዶች (ከአርሴኒክ ጋር የተዋሃዱ ማዕድናት) በሰርፐንቲናይቱ ዳርና ዳር ተደርድረው ይገኛሉ። ማዕድኑ የሚወጣው ለኮባልቱ ሲባል ነው። በዓለም ላይ የዚህ ታሪክ ጥሩ ማሳያ እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ኒኬል ራሱ ለሰው ልጅ የታወቀው በአርሴኒክ ማዕድን በኩል ነው። የስዊድኑ አክሰል ፍሬድሪክ ክሮንስቴት በ1751 እ.ኤ.አ. ከእንዲህ ዓይነት ማዕድን አዲስ ዓይነት ብረታ ብረት፣ ኒኬልን፣ ለየ። ከዚያ በፊት ማዕድን ቆፋሪዎች ቀለሙን አይተው መዳብ ነው ብለው ያቀልጡት ነበር። መዳብ አይወጣውም፤ የሚወጣው ጭስ ደግሞ ያሳምማቸው ነበር። ጭሱን አትርሳው፤ ስለ ጤናህ ስናወራ እመለስበታለሁ።

የማዕድኖቹን ቅደም ተከተል እንዴት እናውቃለን ካልከኝ፣ ድንጋዩን ቆርጠን እንደ መስታወት እናለሰልሰውና በማይክሮስኮፕ እናየዋለን። ማን ማንን ከበበ? ማን ማንን ሰንጥቆ አለፈ? የተከበበው ቀድሞ የነበረ ነው፤ የከበበው በኋላ የመጣ ነው። መሃሉ ኒኬሊን፣ ዙሪያው ገርስዶርፋይት የሆነ ቅንጣት ካየሁ ድኙ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጨመረ እንደሄደ ይነግረኛል። የአንድ ሚሊ ሜትር ቅንጣት ውስጥ የዚያ ሁሉ ውሃ ታሪክ ተጽፎ ታነበዋለህ። ይህን ሥራ የምወደው ለዚህ ነው።

እሺ፣ አሁን ወደ ደላንታ።

የእኛ አገር ገደል ሌላ ታሪክ ነው ያለው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራ ደጋግሞ ፈሶ አምባ በአምባ ላይ ከመረ። በየመሃሉ ነጫጭ የአመድ ንብርብሮች ገቡ። አንተ በየቀኑ የምትወርደው የወገል ጤና ገደል በዓለም የጂኦሎጂ ጥናት ውስጥ ስሙ ይታወቃል። የኢትዮጵያ ባዛልት (ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ) ዕድሜና የፈሰሰበት ፍጥነት ከተጠናባቸው ቦታዎች አንዱ እሱ ነው። አብዛኛው ድንጋይ የፈሰሰው በአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ ነው፤ በምድር አቆጣጠር ይህ በጣም አጭር ጊዜ ነው።

ይህ ጥቁር ድንጋይ ከጥልቅ የመጣ ቢሆንም ኒኬሉን መንገድ ላይ ጥሎታል። የቀለጠው ድንጋይ ወደ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠጥረው ኦሊቪን ነው። ኦሊቪኑ ኒኬሉን ይዞ ወደ ታች ይሰምጣል። ስለዚህ ገደሉ ላይ ያለው ተራ ባዛልት በአንድ ቶን 100 ግራም ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ኒኬል ነው የሚኖረው። ከዚያ ከታችኛው ድንጋይ 20 ጊዜ ያነሰ ማለት ነው። ወደ ላሊበላ አካባቢ ኦሊቪን የበዛባቸው ፍሰቶች አሉ፤ እነሱ የተሻለ ኒኬል አላቸው። ድኙስ? ድኙ እሳተ ገሞራው ሲፈነዳ በጋዝ መልክ ወደ ሰማይ ሄዷል።

ኦክስጅኑ ግን ከሁሉም የከፋው ነው። ላስታ ሄደህ የላሊበላን ቤተ ክርስቲያኖች ካየህ ድንጋዩ ቀይ ነው። ያ ቅላት የብረት ዝገት ነው። ድንጋዩ ተለውጧል፤ ውሃ ገብቶበታል፤ ኦሊቪኑም ፈርሷል። ግን የተለወጠው ኦክስጅን ባለበት ነው። ሰርፐንቲናይት ውስጥ ብረቱ ጥቁር ማግኔታይት ሆኖ ሃይድሮጂን ሲያመነጭ፣ እዚህ ብረቱ ሙሉ በሙሉ ዝጎ ቀይ ሆነ። ሁለቱም «የተለወጠ ድንጋይ» ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን የሰማይና የምድር ነው። ቀይ ድንጋይ ውስጥ ሰልፋይድ ቢኖር እንኳ አይቆይም፤ ዝጎ ይጠፋል። ስለዚህ ማንም ሰው «የተለወጠ ድንጋይ» ሲልህ በምን ሁኔታ ነው የተለወጠው ብለህ ጠይቀው።

የእናንተ ኦፓል ንብርብር ደግሞ ከዚህም ይርቃል። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ስሙ የወጣው የወገል ጤና ኦፓል ያለው ባዛልት ውስጥ ሳይሆን ነጣ ባለው የአመድ ድንጋይ ውስጥ ነው። ያ አመድ ሲሊካ (አሸዋና ኳርትዝ የተሠሩበት ነገር) የበዛበት መስታወት መሰል ነገር ነበር። ወደ ውስጥ የሰረገ ውሃ ብዙም ሳይሞቅ አሟሟው። የሟሟው ሲሊካ ቀዳዳና ስንጥቅ ውስጥ ተጠራቅሞ ኦፓል ሆነ። ውሃ ሲነካው ውሃ የሚጠጣውና ቀለሙን የሚቀያይረው ኦፓልህ የዚህ ውጤት ነው። የዚያ ዓይነት አመድ ኒኬል የለውም ብትል ማጋነን አይሆንም። ስለዚህ ገዢህ «ገደላችሁ ውስጥ አይጠፋም» ያለው ልክ አይደለም።

«ግን አረንጓዴ ድንጋይ እኮ አለ» እንደምትለኝ አውቃለሁ። አለ። በባዛልቱ ቀዳዳዎች ውስጥ የሚለጠፈው ሰማያዊ አረንጓዴ ሽፋን በአብዛኛው ሴላዶናይት ነው፤ ብረትና ፖታሲየም ያለበት ማዕድን። ኒኬል አይደለም። ነጭ ወይም ቢጫማ መርፌዎችስ? እነሱ ዚዮላይት ናቸው፤ ናትሮላይትና ስኮለሳይት የመሳሰሉ። ዝገት ሲቀባቸው ወርቃማ ይመስላሉ። ቆንጆ ናቸው፤ ሰብሳቢዎችም ይፈልጓቸዋል። በኒኬል ስም ግን አትሽጣቸው።

በአገራችን የኒኬሉን ታሪክ ማየት ከፈለግክ መሄድ ያለብህ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ነው። አዶላ አካባቢ ሰርፐንቲናይት አለ፤ በላዩ ያለው አፈር ውስጥም ኒኬል ተከማችቷል። ወለጋ ውስጥ ዩብዶ የኦሊቪን ድንጋይ አለ፤ በፕላቲኒየም የታወቀ ነው። እዚያ ማግኒዚየሙ ታጥቦ ሲሊካው የቀረበት ድንጋይ በቢርቢር ወንዝ ስም ቢርቢራይት ተብሏል። የእኛ ወንዝ ስም በዓለም የድንጋይ መዝገብ ውስጥ መግባቱ ደስ ይለኛል።

ወሎ ውስጥ ቢሆንስ የት ትፈልጋለህ ብትለኝ፣ ከደላንታ ገደል ይልቅ ውጫሌ እሄዳለሁ። እዚያ በባዛልቶቹ መካከል ያልበሰለ ድንጋይ ከሰል አለ። ከሰል ማለት የተቀበረ ተክል ነው። የሞተ ተክል ኦክስጅንን ይጨርሳል። ባክቴሪያዎች ደግሞ ውሃው ውስጥ ያለውን ሰልፌት ወደ ሰልፋይድ ይቀይራሉ። የሚፈጠረው በብዛት ፓይራይት ነው፤ የብረትና የድኝ ማዕድን። ጥቂት ኒኬልና አርሴኒክ በዚያ ፓይራይት ውስጥ ሊገባ ይችላል። ደቡብ ዌልስ ውስጥ በድንጋይ ከሰል ንብርብሮች መሃል የሚገኙ ድቡልቡል የብረት ካርቦኔት ድንጋዮች ሲሰበሩ ውስጣቸው እንደ አንተው ዓይነት የሚለራይት ጸጉር ይገኛል። ያ ማለት ሚለራይት ያለ ሰርፐንቲናይትና ያለ ከፍተኛ ሙቀት መፈጠር ይችላል ማለት ነው። ኦክስጅን ይራቅለት እንጂ ለትንሽ ጸጉር የሚሆን ኒኬል ከየትም አያጣም። ውጫሌ አለ እያልኩህ አይደለም። ሁኔታው የሚፈቅድለት ቦታ እሱ ነው ማለቴ ነው። ቢገኝም ለማየት የሚሆን እንጂ ለንግድ የሚሆን አይመስለኝም።

ስለ መርዙ። ያልተፈጨ፣ ያልተቃጠለ፣ ደረቅ ድንጋይ በእጅህ ብትይዝ አትሞትም። እጅህን በሳሙና ታጠብ፤ አበቃ። አደጋው ሌላ ቦታ ነው። እነዚህን ማዕድናት እሳት ላይ እንዳታደርግ። አርሴኒክ ያለበት ድንጋይ ሲሞቅ ነጭ ጭስ ያወጣል፤ ያ ጭስ ገዳይ መርዝ ነው። የነጭ ሽንኩርት ሽታ ከሸተተህ አርሴኒክ ነው፤ ወዲያው ራቅ። በመዶሻ ስትመታው ብቻ እንኳ ሊሸት ይችላል። ጓደኞችህ «አቅልጠን እንየው» ካሉ በምንም ዓይነት እሺ እንዳትል። ማዕድኑ አየርና ዝናብ ሲያገኘውም አርሴኒኩ ይለቀቃል። ገርስዶርፋይት ሲዝግ አናበርጋይት የሚባል የአረንጓዴ ፖም ቀለም ያለው ዱቄት ይሸፍነዋል። እሱን አትጥረገው፣ አትንፈው፣ ልጆች እንዳይነኩት አድርግ። የመጠጥ ውሃ ላይ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በአንድ ሊትር 10 ማይክሮ ግራም ነው። ይህ በጣም ጥቂት ነው፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ ድንጋይ ምንጭ አጠገብ አይጣልም።

ግን ወንድሜ፣ እውነቱን ልንገርህ። እኔን የሚያሳስበኝ የዚያ ገዢ ጸጉር አይደለም። በየቀኑ የምትተነፍሱት የድንጋይ አቧራ ነው። ኦፓልና የአመድ ድንጋይ በደረቁ ሲፈጭ የሚነሳው የሲሊካ አቧራ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም። ስታለሰልሱ ውሃ እያፈሰሳችሁ ይሁን። ጥሩ ጭንብል ልበሱ። ዋሻውንም ያለ ድጋፍ አትግቡበት።

አንድ ድንጋይ ሲጠራጠርህ ደግሞ እቤትህ የምታደርገው ሙከራ አለ። የስኒ ቂጥ ላይ ያልተቀባውን ሻካራ ቦታ ፈልግና መርፌውን ቀስ አድርገህ አሻሸው። ነጭ መስመር ከተወ ዚዮላይት ሊሆን ይችላል። ቡናማ ቢጫ ከተወ ዝገት ነው። አረንጓዴ የመሰለ ጥቁር ከተወ ሰልፋይድ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በቢላ ጫፍ ሞክረው። ሚለራይት ለስላሳ ስለሆነ ቢላ ይጭረዋል፤ ፓይራይት ግን ቢላን ይቋቋማል። ማግኔትም አስጠጋለት፤ ሚለራይት አይሳብም። ያንን ስኒ ለቡና አትመልሰው።

ውጫሌ የመሄድ ዕድል ካገኘህ ከከሰሉ አጠገብ ባለው ሸክላ ውስጥ ድቡልቡልና ከባድ ድንጋዮችን ፈልግ። የዓይን መከላከያ መነጽር አድርገህ ስበራቸው። ውስጣቸው ስንጥቅ ካለ በማጉያ መነጽር እየው። የሚያብረቀርቅ ነገር ካገኘህ ውሃ አታስነካው፤ ፓይራይት ያለበት ድንጋይ እርጥበት ሲያገኝ አሲድ እያወጣ ይፈርሳል። በደረቅ ወረቀት ጠቅልለህ ፕላስቲክ ውስጥ ክተተው፤ የወጣበትን ቦታና ከከሰሉ በላይ ወይም በታች መሆኑን ወረቀቱ ላይ ጻፍ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምድር ሳይንስ ትምህርት ክፍል ብትወስደው በኤክስሬይ ምርመራ ማዕድኑን በስሙ ሊለዩልህ ይችላሉ። ለእኔ ደግሞ አጠገቡ ሳንቲም አስቀምጠህ፣ በፀሐይ ብርሃን፣ አዲስ በተሰበረው ገጽታ በኩል ያነሳኸውን ፎቶ ላክልኝ።